ጎርጎራን የሰጡን ቀን

ጎርጎራን ሰጡን! ዛሬ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልብስ እያጠብሁ ሳለ። ወደቡን፣ ጀልባዎቹን፣ ዓሣውን፣ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ሳይቀር ሰጡን። እጄ አረፋ እንደሆነ ስልኬን ከፍቼ ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ ሳፋውን ደፍቼ ግቢውን አቋርጬ ሮጥሁ። እናቴ "ምን ሆንሽ? እባብ ነው እንዴ?" እያለች ባንድ እግር ነጠላ ጫማ ተከተለችኝ።

እባብ አይደለም። ከሐይቁ ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ ይኑሩ ይሙቱ ሳይታወቅ ዓመታት ያለፉባቸው ሰው፣ በሕይወት አሉ። መኖራቸውን የነገሩን ግን "አለሁ" ብለው አይደለም፤ ሀገራቸውን በመስጠት ነው።

ልብሱን እናቴ እያሰጣችልኝ ነው፤ እኔ ይህን እጽፋለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ከፈተና ወረቀት ሌላ ምንም ነገር ጽፌ ለሰው አሳያለሁ ብዬ አላስብም ነበር። አሁን እጄን ማን ይያዘው! ብቻ ከመጀመሪያው ልጀምር። መጀመሪያው እንደዛሬ ደስ አይልም፣ ታገሡኝ።

ባሕር ዳር የመጣነው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ ከሐዋሳ። እናቴ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘች፣ በፈረቃ። አባቴ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሚሠራ "ዝውውር እስካገኝ" ብሎ እዚያው ቀረ። ዝውውሩ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የተከራየነው ፔዳ አካባቢ ነው፤ ሰፋ ያለ ግቢ፣ አንድ ትልቅ ማንጎ፣ በረድፍ የተሠሩ አራት ክፍሎች። ሦስቱን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘዋቸዋል፣ አራተኛዋ የእኛ ናት። ተማሪዎቹ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ይገባሉ፣ ደፍነው ይወጣሉ። ሰላም ስላቸው እንደ መንቃት ይሉና በአገጫቸው ይመልሱልኛል።

ሰው "ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ነው የመጣሽው፣ ምን ከፋሽ?" ይለኛል። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ማዶው ይታያል። ዳር ቆሞ እዚያ ማዶ ያለውን ተራራ፣ አንዳንዴም ጭሱን ማየት ይቻላል። የጣና ማዶ አይታይም። በመጣን በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ በባጃጅ ወስዳኝ ዳሩ ላይ ቆመን አየነው። ውኃው ሄዶ ሄዶ ሰማይ ውስጥ ይገባል።

"ያምራል፣ አይደል?" አለችኝ።

"ያምራል" አልኋት።

እውነትም ያምራል። ግን እዚያ ቆሞ ለማን ነው እጅ የሚወዛወዘው?

ትምህርት ቤት "አራዳዋ" አሉኝ። ከሐዋሳ እንጂ ከአዲስ አበባ አይደለም የመጣሁት ብል ማን ሰምቶኝ። ክፉ ነገር ደረሰብኝ ማለት አልችልም፤ ማንም አልገፋኝም። ማንም አልጠራኝም እንጂ። በእረፍት ሰዓት ሁሉም የሚሄድበት አለው። እኔ ቀስ ብዬ ደብተሮቼን አስተካክላለሁ፤ ከዚያ የተስተካከሉትን ደብተሮች እንደገና አስተካክላለሁ። ደወሉ ሲደወል ደስ የሚለው ተማሪ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የክፍላችን ግሩፕ ውስጥ አስገቡኝ። አንድ ቀን ደፍሬ "የፊዚክስ የቤት ሥራ ገጽ ስንት ነው?" ብዬ ጻፍሁ። አዩት። ማየታቸው ይታያል። ማንም አልመለሰም። አንዱ የኳስ ቀልድ ለጠፈ፣ ግሩፑ በሳቅ ሞላ፣ ጥያቄዬ ወደ ላይ ወደ ላይ እየተገፋ ሄደ። ላጥፋው አልሁና ማጥፋቴም እንዳይታይብኝ ፈርቼ ተውሁት።

ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ምን ያህል እንደቆየ የዚህ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። የሚገርመው ነገር፣ መጀመሪያ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ለብቸኝነቴ ምክንያት አገኘሁ ብዬ። መልእክት የማይመጣው ኔትወርክ ስለሌለ ነው፤ ለሁላችንም የለም። በተመለሰ ቀን ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጠርዙ ጋ ደረሰ። የሐዋሳ ጓደኞቼ ግሩፕ ነው፤ የወራት ወሬ አንዴ ወረደብኝ። ቁጭ ብዬ ስሜን ፈለግሁ። የለም። በመጨረሻ አንድ ቦታ "እሷስ የት ገባች?" የሚል አገኘሁ። እሷ እኔ ነኝ። ከሥሩ አንዷ የሚስቅ ፊት ለጥፋበታለች፣ ከዚያ ስለ ልደት ቀሚስ ማውራት ቀጥለዋል።

ከአባባ ጋር የተዋወቅነው ኢንተርኔቱ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ነው። አባባ የአከራያችን አባት ናቸው። ሁልጊዜ ከሰዓት ማንጎው ሥር የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይቀመጣሉ። እናቴ የከሰዓት ፈረቃ ስትገባ ግቢው ውስጥ የምንቀረው እሳቸውና እኔ ነን፤ እሳቸው ወንበራቸው ላይ፣ እኔ ደረጃው ላይ። ለሳምንታት በዝምታ ነበር። አንድ ቀን በጀሪካን ውኃ ይዤ ሳልፍ ድንገት፦

"እንቆቅልሽ!" አሉ።

"አቤት?"

"አቤት አይባልም። እንቆቅልሽ!"

ጀሪካኑን አስቀመጥሁ። "ምን... አውቅልዎ?"

"እንዲያ ነው! ካልመለስሽልኝ አልቀጥልም። ዓመትም ይሁን እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።"

ጨዋታውን የማያውቅ የለም፤ እኔ ግን የማውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ ነበር። ከሰው አፍ ሲመጣ ሌላ ነገር ነው። መልሱን ሳጣ "ሀገር ስጪኝ" ይሉኛል፤ አንድ ከተማ እሰጣቸዋለሁ። እሳቸው ከተማዬ ገብተው እንዴት እንደተቀማጠሉ ይተርኩና በመጨረሻ መልሱን ይነግሩኛል። ሀገር ሳይሰጥ መልስ አይነገርም፤ ሕጉ ነው።

"ሐዋሳን ሰጠሁዎ" አልሁ በመጀመሪያው ቀን።

"ሐዋሳ ገብቼ ዓሣውን በሎሚ ጠግቤ፣ ነጭ ጋቢ ደርቤ፣ በበቅሎ ሆኜ ሳልፍ፣ አንቺን ከበር ቆመሽ አየሁና 'ይህች የማን ልጅ ናት፣ ፍርፋሪ ስጧት' ብዬ..."

"ሐዋሳ በቅሎ የለም አባባ፣ ባጃጅ ነው።"

"እንግዲያስ በባጃጅ! ጋቢዬ በነፋሱ እየተውለበለበ!"

ከመጣሁ ወዲህ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቄ ከግድግዳው ተመልሶ መጣብኝና ደነገጥሁ።

በአንድ ወር ውስጥ ጅማን፣ ሐረርን፣ ደሴን፣ አይቼው የማላውቀውን ሀገር ሁሉ አስረከብሁ። ሐዋሳን ደጋግሜ ሰጠሁ። አንድ ቀን ግን እሳቸው ሐዋሳ ገብተው ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ፣ ማታ ማታ ከአባቴ ጋር የምንሄድበት መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ ዓይኔ ሞላ። አባባ አቋረጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ወደ በሩ አዩ።

"ሐዋሳን መለስሁልሽ" አሉ። "ከዛሬ ወዲያ እሱን ለማንም አትስጪ። ሰው ልቡ ያለበትን ሀገር አይሰጥም። እኔና እሱም አንሰጣጥም ነበር፤ ባሕር ዳርና ጎርጎራ በጨዋታው የሉበትም።"

"እሱ ማነው?"

እንዲህ ብዬ ስጠይቅ ነው ነገሩ የመጣው። አባባ በጉብዝናቸው ጊዜ ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሚመላለሰው የመንገደኛ ጀልባ ላይ ገመድ ወርዋሪ ነበሩ። ጀልባው በሳምንት አንዴ ጎርጎራ ይደርሳል። ወደቡ ላይ ገመዱን ተቀብሎ የሚያስር አንድ ሰው አለ፤ የዕድሜ እኩያቸው።

"ገመዱ እጁ ሲገባ 'እንቆቅልሽ!' እለዋለሁ" አሉኝ። "እሱ ገመዱን እየጠመጠመ 'ምን አውቅልህ!' ይላል። እነግረዋለሁ። ለማሰብ አንድ ሳምንት አለው። ሳምንት ስመለስ ገና ሰላም ሳንባባል ወይ መልሱን ይጮህልኛል፣ ወይ ሀገር ይሰጠኛል። ተራው ደግሞ የእሱ ይሆናል። መንገደኛው ሻንጣውን ተሸክሞ ይጠብቃል፤ እኛ እዚያ ደብረ ታቦርን እንሰጣጣለን።"

"አይቆጧችሁም?"

"ካፒቴኑ ሊገድለን! 'ሰው አውርዱና ሀገራችሁን ተከፋፈሉ' ይለን ነበር።"

እንዲህ ሆነው ዓመታት አሳለፉ። እቤቱ ሄዶ የበላ የለም፣ ልጅ የዳረ የለም፤ ጓደኝነታቸው ከጀልባው ጫፍ እስከ ወደቡ ድንጋይ ባለችው በዚያች ገመድ ልክ ነበረች። አባባ ጡረታ ሲወጡ በመጨረሻው ጉዞ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ወረወሩ፦ "ውኃ ላይ ትኖራለች፤ ውኃ ስትጠግብ ትሞታለች።" መልሱን ለመቀበል እንደ መንገደኛ ተሳፍረው ሊመለሱ ነበር። ከዚያ እግራቸው ታመመ። ሚስታቸው አረፉ። ጀልባው አንዴ አለ አንዴ የለም ሆነ፣ መንገዱም እንደምናውቀው ሆነ። ስልክ ቁጥር ነበራቸው፤ አንድ ቀን ሲደውሉ ሌላ ሰው አነሳው።

"ታዲያ መልሱን ሳያገኙ ቀሩ?"

"መልስም አልሰጠኝ፣ ሀገርም አልሰጠኝ። ይሰጠኛል።"

"ይሰጠኛል" አሉ። ሞቶ ቢሆንስ የሚለውን አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። ሁለታችንም ወደ በሩ አየን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስልክ እያለኝ ምን ቸገረኝ አልሁና፣ አባባን አስፈቅጄ ያችኑ የመጨረሻ እንቆቅልሽ ሲሉ ቀረጽኋቸው። እሳቸው "እንቆቅልሽ!" አሉ፤ እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ጠበቁ፤ እኔ "ምን አውቅልዎ" አልሁ፤ ቀጠሉ። ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ቁጭ ብዬ "ላሳምረው" አልሁ። ድምፄን ቆርጬ አወጣሁት፤ "አራዳዋ" መጣች እንዳይሉኝ። ዝምታውንም ቆረጥሁት፤ ዝም ያለ ቪዲዮ ማን ያያል፣ ሰው በጣቱ ገፍቶ ያልፋል። ከሥሩ የክራር ድምፅ አስገባሁ። መጨረሻው ላይ መልሱን፣ እኔ ሀገር ሰጥቼ የተቀበልሁትን፣ በትልቁ ጻፍሁበት። (እዚህ ግን ገና አልጽፈውም።) ለጠፍሁት። የማላውቃቸው ሰዎች ልብ ይልኩልኝ ጀመር! ልብ በልብ ሆነልኝ። እየሮጥሁ ሄጄ ለአባባ አሳየኋቸው።

አባባ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"የመለሰልኝ ማነው?" አሉ።

"እኔ ነበርሁ... ግን ቆረጥሁት።"

"ስጠብቅ የነበረውስ?"

"እሱንም።"

"እንግዲህ እብድ አድርገሽኛል" አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "ራሱ ጠርቶ ራሱ የሚያወራ እብድ። መልሱንም ሀገር ሳልቀበል መንገድ ላይ በትነሽዋል። አየሽ፣ ያች እንቆቅልሽ እሱ ዘንድ ናት። እሱ እጅ እስካለች ድረስ ገመዱን ይዞታል ብዬ ነበር የምቀመጠው። አሁን ለቀቅሽው።"

ቪዲዮውን እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ስንቱ አይቶታል። በማግስቱ አባባ ወንበራቸውን አዞሩ፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸው ወደ በሩና ወደ እኔ። ሰላም ስላቸው "እግዜር ይመስገን" ይላሉ፣ በቃ። ቅዳሜና እሑድ ምን ያህል ረጅም እንደሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። በመጀመሪያው ጊዜ ብቸኛ የነበርሁት ሰው ስለማላውቅ ነው፤ አሁን ግን የማውቀውን ሰው አጥቼ ነው፤ ሁለቱ አይመሳሰሉም። ስልኩ ላይ መልእክት መምጣቱን አላቆመም ነበር፤ ከመጥፋቱ በፊት ያዩት ሰዎች ሌላ ነገር ካለሽ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ስልኩን ትራሱ ሥር አስገባሁት።

እናቴ ነገሩን ስነግራት "ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያቸው" አለችኝ።

"ምን ብዬ?"

"የተሰማሽን ነዋ።"

"አፌ እሺ አይለኝም እማዬ። እሳቸው ጋ ስደርስ ይጠፋብኛል።"

"እጅሽስ? እጅሽም እሺ አይልም?"

ደብተሬን ከፈትሁ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድሁ። አምስተኛውን ለአከራያችን ሰጠኋት፤ በቀስታ ትሰጥልኛለች ብዬ። አባባ ልጅ ሆነው የቄስ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት ዳዊት የሚደግሙት በዜማ ነው። ያልጠበቅሁት ነገር፣ ሌላውንም ነገር ሁሉ የሚያነቡት በዜማ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰው መነጽራቸውን አደረጉና ደብዳቤዬን ግቢው መሃል ጮክ ብለው እየጎተቱ ማንበብ ጀመሩ! እኔ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ገባሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አወጣ። ቀጥሎ ከሌላው።

"አባባ፣ ድምፄን የቆረጥሁት አፍሬበት ነው። ዝምታዎን የቆረጥሁት ሰው እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ነው። እርስዎ ግን ዝም የሚሉት ሰው እንዲመጣ ነበር። ይህ የገባኝ እርስዎ ወንበርዎን ካዞሩ በኋላ ነው..."

እስከ መጨረሻው አነበቡት። ወረቀቱን አጠፉ።

"ማነች ይህን የጻፈች?"

"እኔ ነኝ" አልሁ ከአንሶላው ጀርባ።

"መሆንሽንማ አውቃለሁ። ጮክ ብለሽ በዪው ብዬ ነው።"

"እኔ ነኝ!"

ተማሪው አጨበጨበ። አባባ በመነጽራቸው ላይ አሻቅበው አዩኝ። "እንዲህ መጻፍ የምትችይ ልጅ ምን ሆነሽ ነው ክራር ምናምን የምትለጥፊብኝ? በይ፣ ለእሱም ጻፊለት። ስልክሽ ላይ ይሁን የት ይሁን እኔ አላውቅም። ጥፋትሽን ሳትደብቂ ጻፊ።"

ጻፍሁ። እንደገና ቀረጽኋቸው፤ አሁን ምንም አልቆረጥሁም። "እንቆቅልሽ!" ይላሉ። ከዚያ ዝምታ። ባጃጅ ያልፋል፣ የማንጎ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ አንድ ሰው ይስላል። ከዚያ ያ የማፍርበት ድምፄ "ምን አውቅልዎ" ይላል። ከሥሩ ሁሉንም ነገር ጻፍሁ፤ ጀልባውን፣ ገመዱን፣ መልሱ በእኔ ጥፋት ቀድሞ ማምለጡን። "ጎርጎራ ወደብ ላይ ገመድ ይቀበሉ የነበሩ ሰው ይህን ድምፅ ካወቁት፣ ገመድ ወርዋሪው እየጠበቁዎ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ መልሱን ካላወቃችሁ ሀገር ስጡን" ብዬ ጨረስሁ።

ሁለት ቀን ማንም ዝር አላለም። ልብ የላከችልኝ እናቴ ብቻ ነበረች፣ እሷም ከአጠገቤ ተቀምጣ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ከ"ላጲስ አለሽ?" በላይ ተነጋግረን አናውቅም። ቤተሰቦቿ የወረታ ነጋዴዎች መሆናቸውን እንኳ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

"ወረታን ሰጠሁሽ" አለችኝ። "የአያቴ ሱቅ ግን አይጨምርም።"

"ያለ ሱቁ አልቀበልም!"

"ኧረ ባክሽ! እንግዲያስ ሩዙን ውሰጂና ሱቁን ተዪልኝ።"

"ወረታ ገብቼ ሩዙን በዓይነት በዓይነቱ አስደርድሬ፣ አያትሽን ጸሐፊ አድርጌ..." ስል አስተማሪው ዘወር አለ። ሁለታችንንም አስወጣን። ከመማሪያ ክፍል ስባረር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ውጭ ግድግዳውን ተደግፈን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

እሷ የክፍላችን ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ምን ልበላችሁ! "ሳሙና ናት" አለ አንዱ። "ሳሙና ውኃ ላይ ይኖራል እንዴ፣ የእናንተ ቤት ነው?" አለችው ሌላዋ። አንዱ "እምቦጭ ናት" ሲል "እምቦጭ በውኃ ብትሞትማ ተገላግለን ነበር" ብለው ወረዱበት። ጎንደርን ሰጡን፣ ሞጣን ሰጡን፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ከጅማ ጅማን ሰጠችን። የሐዋሳ ጓደኞቼም አዩት፤ ያች "እሷስ የት ገባች?" ያለችው ልጅ በድምፅ "እንዲህ ትጽፊያለሽ እንዴ?" ብላ ላከችልኝ። አባቴ ሻሸመኔን ሰጠኝ። "ሐዋሳንስ?" ብዬ ስጠይቀው "እሷን አልሰጥም፣ ስትመለሺ የት ትገቢያለሽ?" አለኝ። ያን መልእክት ሰው በሌለበት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ከሰዓት ከሰዓት ለአባባ አነብላቸዋለሁ። ወንበራቸውን ወደ በሩ መልሰውታል። "ጅማን የሰጠች የት አለች? ጅማ ገብቼ ማሩን በቅል ሞልቼ..." ይላሉ፣ እኔ እቀርጻለሁ። ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ተራ ነገር፦

"ከማዶስ?" ይሉኛል።

"ገና ነው አባባ።"

"ይሁን። ሳምንት አለው።"

አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሰዎቹ ሀገር መስጠት እየቀነሰ መጣ፤ ሰው ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፣ አልፈርድም። ባለፈው ረቡዕ አነበብሁላቸው፣ ጨረስሁ፣ ጠበቅሁ። አባባ "ከማዶስ?" አላሉም። ዘንጋቸውን አንስተው ገቡ። ስልኩን ይዤ ማንጎው ሥር ቀረሁ። የሰው ሁሉ ሀገር እጄ ላይ አለ፣ የአንዱ ሰው ግን የለም። ያን ከሰዓት ሐዋሳ ለመመለስ ፈለግሁ፤ ሁሉንም ነገር፣ ጽሑፉንም ጭምር ትቼ።

ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው። መጀመሪያ የልጅ ድምፅ ነው፦ "የገመድ ተቀባዩ የልጅ ልጅ ነኝ፣ ከጎርጎራ፤ ቅረጪኝ እያለኝ ነው... አያቴ፣ እዚህ ጋ ተናገር..." ከዚያ ሳል። ረጅም ሳል። ከዚያ፦

"ምን አውቅልህ! አንተ ገመድ ወርዋሪ! ዘገየህ አትበለኝ፣ ጀልባው ነው የዘገየ። መልሱን ይህች ልጅ ከመጀመሪያው ቪዲዮ አይታ ነግራኛለች። የተሰረቀ መልስ አልበላም። ዕድሜ ልኬን ባስብ አላገኛትም ነበር፤ ተሸንፌያለሁ። ሌላ ሀገር የለኝም፣ ሰጥቼህ ጨርሻለሁ። ጎርጎራን ሰጠሁህ። እኔው ደንገል ቆርጬ፣ እኔው ታንኳ አስሬ ልጅ ያሳደግሁ ሰውዬ፣ ታንኳን አላውቃት ልበል! ወይ ውርደት!"

ሀገር ስለተሰጠ አሁን መናገር ይቻላል። ታንኳ ናት፤ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ሣር፣ ከደንገል፣ የምትታሰረው። ውኃ ላይ ትውላለች፣ ውኃውን እየጠጣች እየጠጣች አንድ ቀን ትከብዳለች፣ ያኔ አለቀላት።

አባባ ሦስት ጊዜ ሰሙት። አከራያችን በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ እናቴ አንድ እግሯ ባዶ ነው። አባባ ተነሡ። ጋቢያቸውን ደረቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጎርጎራ ገብቼ" አሉ።

ጠበቅን። እኔ ምንም አልቆረጥሁም፣ እየቀረጽሁ ነው።

"ጎርጎራ ገብቼ... ከእሱ አጠገብ ተቀምጬ..."

"እሺ አባባ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ የለም። በቃ፣ እሱ ነው።" ተመልሰው ተቀመጡ።

ብቸኝነቴ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። አባቴ አሁንም ዝውውሩን እየጠበቀ ነው፣ እሑድ ከሰዓት አሁንም ረጅም ነው። ግን የድምፁ መልእክት እዚህ ላይ አላበቃም፤ የመጨረሻው ክፍል ለእኛ ብቻ ስላልሆነ ነው ይህን ሁሉ የጻፍሁት። ከማዶ ያሉት ሽማግሌ እንዲህ ይላሉ፦

"ጎርጎራን ከሰጠሁህ እንግዲህ ሀገርህ ነው፣ መጥተህ ተቀበል። እግርህ ካልቻለ ይሸከሙህ። የመለሰችልህን ልጅ ይዘሃት ና። ሀገር የሰጡህን ሰዎችም ጥራቸው፤ ለእንግዳ የሚሆን ዓሣ አናጣም።"

አባባ "ብቻዬንማ አልሄድም፣ ለስልክሽ ሰዎች ንገሪልኝ" ብለውኛል። ይኸው ነገርኋችሁ። ጀልባው መቼ እንደሚነሣ ሳውቅ ገጼ ላይ እጽፋለሁ። ሀገር የሰጣችሁም፣ ገና ያልሰጣችሁም፣ ይህን አንብባችሁ የጨረሳችሁም ተጠርታችኋል። ስትመጡ ከምታውቁት አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት አጠገብ ቁጭ ብላችሁ የሰማችሁትን አንድ እንቆቅልሽ ይዛችሁ ኑ። መልሱን ለማንም አትንገሩ፤ ጀልባው ላይ በየተራ እንጠያየቃለን።